ሳልተኩስበት የተቀበልኩት ጠመንጃ

ባለፈው ቅዳሜ የአደን ትምህርታችን ሲያልቅ ሩት እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ የፋብሪካ ጠመንጃ ይሻላል ወይስ ሰው በእጁ የሠራው?» ብላ ጠየቀችኝ። ቀጥላም «ጋሽ ወርቅነህ ለእኔ አንድ እየሠሩልኝ ነው» አለች፤ ደስታዋ ፊቷ ላይ ይነበብ ነበር። እኔ ግን አዳራሹን የምናስረክብበት ሰዓት ደረሰ ብዬ ጥያቄውን አሳደርኩት። ሰዓቱ ሰበብ ነበር። መልሱን መስጠት ስድስት ዓመት ሙሉ ያፈርኩበት ነገር ነው። ዛሬ ግን ለሩት ስል እነግራችኋለሁ። ከመጀመሪያው ልጀምር፤ ቅደም ተከተል እንደምወድ ታውቃላችሁ።

ኦክቶበር ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነበር። እኔ ማስተማር የጀመርኩበት የመጀመሪያው ዓመት ነው። ስካይኮሚሽ የምትባለውን ከተማ አልፈን ወደ ተራራው የምንወጣው ሦስት ሰዎች ነበርን። አንዱ ሙባረክ ነው፤ ሲታክ ኤርፖርት ታክሲ ይነዳል፣ ስልጤ ነው፣ አፉ አያርፍም። ሁለተኛው ጋሽ ወርቅነህ ናቸው። ጋሽ ወርቅነህ የአውሮፕላን ዕቃ በሚያመርት ወርክሾፕ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ብረት ሲቀርጹ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ማውንትሌክ ቴራስ ያለው ጋራዣቸው ውስጥ መኪና ገብቶ አያውቅም፤ በማሽን የተሞላ ነው። አደን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የአጋዘን ኮቴ ዝናብ ከመዝነቡ በፊት የተረገጠ ይሁን በኋላ እንዴት እንደሚለይ ያሳዩኝ ጭቃው ላይ ተንበርክከው ነው። ስመረቅ አባቴ ባለመኖሩ በአባቴ ወንበር የተቀመጡትም እሳቸው ነበሩ። ይህን የምነግራችሁ በኋላ የሚመጣው ለምን እንዳመመኝ እንዲገባችሁ ነው።

ከዚያ ዘጠኝ ወር ቀደም ብዬ ጠመንጃ ገዝቼ ነበር። ከፋብሪካ የወጣ፣ ማንም ሱቅ ገብቶ የሚያነሳው ዓይነት። ከመግዛቴ በፊት ደብተር ላይ ሠንጠረዥ ሠርቼ ስድስት ጠመንጃዎች አወዳድሬያለሁ። ሙባረክ «ሚስት ስትመርጥም እንደዚሁ ልታደርግ ነው?» ብሎ ስቆብኛል። የመረጥኩት ከሦስት ኪሎ በታች ነው። ሰደፉ ጥቁር ፕላስቲክ ነው፤ ለዓይን አይሞላም። ነገር ግን የተኩስ መለማመጃ ሜዳ ወስጄ ከመቶ ያርድ ሦስት ጥይት ስተኩስበት ሦስቱንም ቀዳዳ በአንድ የለስላሳ ቆርኪ ሸፈንኳቸው። በዝናብ ተኮስኩበት። ጭቃ አስነክቼ ተኮስኩበት። አንድም ቀን አላስቸገረኝም።

ለጋሽ ወርቅነህ ሳሳያቸው በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው አዩትና «ይሄ ጠመንጃ ነው የስልክ ከቨር?» አሉ። ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም። በኋላ እንደገባኝ፣ ተማሪያቸው ሱቅ ሄዶ ጠመንጃ መግዛቱ አዋርዷቸው ነበር።

የአደኑ ቀን ጠዋት፣ የጫካው መንገድ ሲያልቅ መኪናውን ፓርክ አድርገን ወረድን። ጉሙ ከዛፎቹ ወገብ በላይ ያለውን ሁሉ ውጦታል፤ ዝናቡም ሲያስነጥስ የሚበተን ያህል ደቃቅ ነበር። ጋሽ ወርቅነህ ከመኪናው ኋላ ረጅም ሻንጣ አወጡና ኮፈኑ ላይ ከፈቱት። ውስጡ ጠመንጃ ነበር። ሰደፉ ከዋልነት እንጨት ተፈልፍሎ በዘይት የታሸ፣ አፈሙዙ ወፍራም፣ መቀርቀሪያው እንደ መስተዋት የተወለወለ። የስሜ የመጀመሪያ ፊደል ሳይቀር ተቀርጾበታል።

«ስምንት ወር ፈጀብኝ» አሉ። «ሃምሳ ጥይት ተኩሼበታለሁ። አንዴ እንኳ አላስቸገረኝም። በል ተቀበል!»

በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ወደ አምስት ኪሎ ይጠጋል። ከዚያ ግንባሬ ላይ እጃቸውን ጭነው መረቁኝ፦ «ዓይንህ አይሳት፣ እጅህ አይራድ!» ሙባረክ ሳይቀር «አሚን» አለ።

አሁን ስህተቴን ልብ በሉ። «ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ መጀመሪያ ሜዳ ወስጄ ልሞክረው» ማለት ነበረብኝ። እኔ ራሴ ተማሪዎቼን ሳይፈትሹ ምንም እንዳያምኑ የማስተምር ሰው ነኝ። ግን ስምንት ወር የደከሙበትን፣ መርቀው የሰጡህን ነገር ፊታቸው ቆመህ እንዴት «ልሞክረው» ትላለህ? ቃልዎን አላምንም እንደማለት ነው። ይሉኝታ ያዘኝ። የራሴን ጠመንጃ ለሙባረክ ሰጠሁት፤ የእሱ አሮጌ ጠመንጃ ያን ዓመት ተበላሽቶበት ነበር።

ሻንጣውን ልዘጋ ስል ኪሱ ውስጥ ሦስት ቦታ ተፈትታ የምትገጣጠም የናስ ዘንግና ትንሽ የእንጨት መዶሻ አየሁ። የዘንጓ አንዱ ጫፍ ተቀጥቅጦ እንደ እንጉዳይ ተዘርግቷል።

«ይቺ ምንድን ናት ጋሼ?»

«መወልወያ ናት። ዝጋው፣ ጊዜ አታባክን» አሉኝ። እሳቸው ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው መኪናው ዘንድ ቀሩ።

እኔና ሙባረክ የአንድ ገደላማ ሸለቆ ግራና ቀኙን ተከፋፈልን። ደንባችን የታወቀ ነው፤ እሱ የሚበላውን ቢስሚላህ ብሎ ራሱ ይገድላል፣ እኔም የራሴን። ስለዚህ በአንድ አጋዘን ተጣልተን አናውቅም። ሁለት ሰዓት ያህል በርጥብ ቅጠል መካከል ወጣሁ። አምስት ኪሎ ሜዳ ላይ ምንም አይደለም፤ ዳገት ላይ ግን ትከሻ ይቆርጣል። ከዚያ ከታች ከጉሙ ሥር ባለ ሦስት ቅርንጫፍ ቀንድ ወንድ አጋዘን ብቅ አለ። መቶ ሃምሳ እርምጃ ይሆናል። ግንድ ላይ ተደግፌ ቃታውን ሳብኩ። አጋዘኑ ሳይንፈራገጥ ወደቀ። እውነቱን መናገር አለብኝ፤ ጠመንጃው ያለምክበትን አይስትም ነበር።

ሁለተኛ ጥይት ላጎርስ መቀርቀሪያውን ሳብኩ። አልነቃነቅ አለ። በመዳፌ መታሁት። ምንም። አዲስ ስለሆነ ነው፣ አያያዙን ስላላወቅሁ ነው ብዬ ራሴን ወቀስኩ። መቀርቀሪያው እንደተቆለፈ ወደ አጋዘኑ መውረዴ ሁለተኛው ስህተቴ ነው።

ቢላዬን እንዳወጣሁ ከኋላዬ እንጨት ተሰበረ። ሙባረክ መስሎኝ «ና እርዳኝ» አልኩ። ስዞር አሥር እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ የበሰበሰ ጉቶ አጠገብ፣ ጥቁር ድብ ቆሟል። በዚያ ወራት ድብ ለክረምት እንቅልፉ ስብ የሚያከማችበት ጊዜ ነው። የተኩስ ድምፅ ሥጋ ማለት እንደሆነ የተማረም አለ። ጥርሱን ያጋጫል፤ ድምፁ ሁለት ጣውላ ሲላተም ይመስላል። ፀጉሩ በዝናቡ ረጥቦ እንደ እርጥብ ውሻ ይሸታል፤ ሽታው እስከ እኔ ደረሰ።

እዚህ ክፍል የማስተምራችሁን ሁሉ አደረግሁ። አልሮጥኩም። ቁመቴን አስረዘምኩ። «ሂድ! ሂድ ከዚህ!» ብዬ ጮህኩ፤ በአማርኛ ነው የወጣልኝ። እየጮህኩ ወደ ኋላ እያፈገፈግሁ በቀኝ እጄ መቀርቀሪያውን እጎትታለሁ። ድቡ ተወረወረና አራት እርምጃ ላይ ቆመ። ተመለሰ። እንደገና መጣ። ሁለተኛው ላይ አልቆመም። ጠመንጃውን እንደ ዱላ ፊቴ ላይ አጋደምኩት፤ በመዳፉ ሲመታው ከእጄ በረረ። ሁለተኛው መዳፍ ግራ ቅልጥሜን ሱሪውን ከነሥጋው ቀደደው። ግንድ አደናቅፎኝ በጀርባዬ ወደቅሁ። ከላዬ የሚታየኝ ጥቁር አንገትና የሚተነው ትንፋሹ ብቻ ነበር።

ያኔ አንድ ተኩስ ተሰማ፤ ከድቡ ጆሮ አጠገብ ያለው የበሰበሰ ጉቶ ፈነዳና ስባሪው ፊቱ ላይ ተበተነ። ድቡ እንደ ተቃጠለ ዘለለ። ሁለተኛ ጥይት ከእግሩ ሥር ጭቃውን አነሳው። ጫካው ውስጥ ገብቶ እንጨት እየሰባበረ ሲርቅ ሰማሁት።

«ቲቸር!» ይላል ሙባረክ ከላይ። «አለህ?»

«አለሁ!»

«እግርህስ?»

«አብሮኝ ነው!»

ወርዶ ሲደርስ እሱ ከእኔ ይበልጥ ገርጥቷል። «ድቡን ለምን አልመታኸውም?» አልኩት። «ባቆስለው ንዴቱን አንተ ላይ ነበር የሚጨርሰው። ሶ፣ ጉቶውን መታሁ» አለኝ። ከስልሳ እርምጃ፣ በእኔና በድቡ መካከል ሁለት ክንድ ሳይሞላ፣ በዚያ በስልክ ከቨሩ! ሁለተኛውንም ያጎረሰው ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ነው።

ቁስሉ ረጅም እንጂ ጥልቅ አልነበረም። በሻሽ አስረን አጋዘኑን እየጎተትን ወጣን። ሙባረክ የወደቀውን ጠመንጃ አንስቶ መቀርቀሪያውን በጫማው ረገጠው፤ አልከፈት አለ።

መኪናው ዘንድ ስንደርስ ጋሽ ወርቅነህ ደሙን አዩ። ከዚያ ጠመንጃውን አዩ። ማንም ምንም ከመናገሩ በፊት ጠመንጃውን ከሙባረክ እጅ ተቀብለው ሻንጣውን ከፈቱ። ያቺን የናስ ዘንግ ሦስት ቦታ ገጣጠሙ፣ በአፈሙዙ ከተቱ፣ በእንጨት መዶሻው ሁለት ጊዜ ኳ ኳ አደረጉ። መቀርቀሪያው ተከፈተ። የተተኮሰው ቀለህ ኮፈኑ ላይ ተንከባለለ።

ምክንያቱን አልፈለጉም፤ አልተደናገሩም። እጃቸው መንገዱን ያውቀው ነበር።

ቀለሁን አነሳሁት። ወገቡ ላይ ዙሪያውን የዞረ ቀጭን ጭረት አለ። ጥይት ሲተኮስ ቀለሁ በግፊቱ ይነፋና መልሶ ይሰበሰባል። የሚተኛበት ጉሮሮ ውስጥ ግን ሲቀረጽ የቀረ ጭረት ካለ፣ ናሱ እዚያ ገብቶ ይነክሳል። ይህን ሠላሳ ዓመት ብረት የቀረጸ ሰው ሳያውቀው አይቀርም።

«ጋሼ፣ ያውቁ ነበር?»

«ሁልጊዜ አይደለም የሚይዘው።»

«ያውቁ ነበር ወይ?»

«አልፎ አልፎ ነው አልኩህ! እስቲ አሁን በሰው ፊት አታሳፍረኝ» አሉ። በሰው ፊት ያሉት ሙባረክን ነው። እግሬ እየደማ ያሳሰባቸው ይህ ነበር። ጠመንጃውን መለስኩላቸው፤ ዘንጓን ግን ከእጃቸው ወሰድኩ።

ይቅርታ ብለው ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ ይቅር እላቸው ነበር። ከአንድ ወር በኋላ ሬኒየር ቫሊ አንድ የልደት ድግስ ላይ ከኋላቸው ተቀምጬ እንዳለሁ ሳያውቁ ሲያወሩ ሰማሁ። «ጠመንጃው ምን ይሆናል? ልጁ እጁ ራደበት እንጂ» ይላሉ። እጅህ አይራድ ብለው የመረቁኝ ሰው ናቸው። የሰማ ሁሉ ሳቀ። ተነስቼ መናገር እችል ነበር፤ ሽማግሌ ናቸው ብዬ ሳህኔን ይዤ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ጠመንጃ ከመከርኩት ሰው ሁሉ ጋር ሜዳ እሄዳለሁ፤ ስጦታም ቢሆን፣ ምርቃት የተጨመረበትም ቢሆን፣ ጠመንጃ ሳይተኮስበት ጫካ አይገባም። የማድነውም በዚያው ፕላስቲክ ሰደፍ ነው። በእጅ የሠራ ሁሉ ይዋሻል አልልም። ፋብሪካው ግን በእኔ ፊት የሚያፍርበት ፊት የለውም፤ ችግር ካለበት ሜዳው ላይ ይነግረኛል።

ሩት፣ ዘንጓ ይቻት። እዩዋት፣ ተቀባበሏት። ከዚያ አንቺ ይዘሻት ሂጂ። ጋሽ ወርቅነህ ጠመንጃውን ሲሰጡሽ በሁለት እጅሽ ተቀበይ፣ ምርቃታቸውንም «አሜን» በይ። ከዚያ ይቺን አውጥተሽ «ይቺ ምንድን ናት ጋሼ?» ብለሽ ጠይቂያቸው።

እውነቱን ከነገሩሽ ጠመንጃውን አብረን ሜዳ እንወስደዋለን፤ እሳቸውንም ጥሪያቸው፣ እኔ ራሴ ሄጄ አመጣቸዋለሁ። «መወልወያ ናት» ካሉሽ ግን ጠመንጃውን የመኪናቸው ኮፈን ላይ አስቀምጠሽ ነይ።