የልጅ ልጄ የድካም ዋጋ

የልጅ ልጄን በሰፈር ሰው ፊት ያሳፈርኳት በእድር ስብሰባ ላይ ነው።

ደብረ ማርቆስ እኔ ቤት ተቀምጣ ኮምፒውተር ተማረች። ዲግሪዋን ይዛ ሥራ ብትፈልግ አጣች። የእድራችን ዳኛ «መዝገባችንን ኮምፒውተር ላይ አስገቢልን፤ ዋጋሽን እንከፍላለን» ሲሏት የመጀመሪያ ሥራዋ ሆነ። ሦስት ሳምንት አቀርቅራ ሠራች። መዝገቡ የሚያዝበትን ፕሮግራም ያወረደችው ከኢንተርኔት ነው።

«ውድ ነው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ኧረ በነፃ ነው እማማ! የሠሩት ሰዎች ማንም እንዲወስደው፣ እንዲያሻሽለውም ፈቅደዋል።»

ይህን ከሰማሁ ወዲያ እህል አልበላ አለኝ። እኔ በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠርኩ ነኝ፤ ኮምፒውተር አላውቅም። እርሾ ግን አውቃለሁ። ጎረቤት በነፃ የሰጠሽን እርሾ ለሌላ ጎረቤት መሸጥ ነውር ነው። ስለዚህ ዳኛው «የልጅቷን ክፍያ እናጽድቅ» ሲሉ ብድግ አልኩ።

«አይከፈላትም! ዕቃው የነፃ ነው። የኔ ልጅ ብትሆንም እድር አታታልልም!»

«ወይ ጉድ፣ የገዛ ልጇን!» አለች አንዷ። ልጄ ኮምፒውተሯን ዘግታ ወጣች።

ቤት ስገባ ግድግዳውን እያየች ተቀምጣለች።

«እኔ ፕሮግራሙን አልሸጥኩም» አለችኝ። «ጳጉሜን እንኳ አያውቅም ነበር፤ ዓመቱ አሥራ ሁለት ወር ብቻ ይመስለዋል። አንድም የአማርኛ ቃል አልነበረውም፤ ይህን ሁሉ የጨመርኩበት እኔ ነኝ። የእድሩን ጸሐፊ ጣቷን ይዤ ማስተማሬስ? እርስዎ እኮ ሌባ አደረጉኝ፣ እማማ። ከእንግዲህ ማን ያሠራኛል?»

ይህን ስትል አንድ የድሮ ነገር ትዝ አለኝ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ደብረ ወርቅ ቁም ጸሐፊ ነበር። የሚገለብጠው መዝሙረ ዳዊት የማንም ንብረት አይደለም። እሱ ግን ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ወገቡ እስኪጎብጥ ጽፎ ዋጋውን ይቀበል ነበር። ሌላ ጸሐፊ «አይቼ ልገልብጥ» ብሎ ሲመጣ ደግሞ መጽሐፉን እንዲያው ያውሰው ነበር። አንድ ጊዜ አንድ ባለጠጋ «የእግዚአብሔርን ቃል ትሸጣለህ ወይ?» ብለው ሳይከፍሉ ሊሄዱ ሲሉ፣ በሩ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። «እንግዲያው ቃሉን በልብዎ ይዘው ይሂዱ፤ ብራናውን ይተዉልን» አልኳቸው። ለባሌ እንዲያ የቆምኩ ሴት፣ ለዚህች ልጅ ያልቆምኩት ምን ሆኜ ነው?

አጠገቧ ተቀመጥኩና ፀጉሯን ዳበስኩላት።

«አጥፍቻለሁ፣ ልጄ። ግን በነፃ ያገኘሽው መሆኑን አስቀድመሽ ለእድሩ ነግረሽ ነበር?»

«አልጠየቁኝም።»

«ባይጠይቁሽም ከኔ በፊት ከአንቺ መስማት ነበረባቸው፤ አሁንም ራስሽ ንገሪያቸው። ዝም ብትዪ ሁሉንም አንቺ የፈጠርሽው ይመስላቸው ነበር። የእጅሽን ዋጋ ተቀበይ፤ የሌላውን እጅ ግን አትደብቂ።»

በሚቀጥለው ስብሰባ ቀድሜ ተነሣሁ። «ባለፈው የተናገርኩት ስሕተት ነው። የለፋችበት ይከፈላት።»

«እርስዎም ይሳሳታሉ ለካ!» አሉ ዳኛው። ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ እኔ አልሳቅኩም።

ከዚያ እሷ ተነሥታ ሁሉንም አስረዳች፤ የሌሎቹ ሥራ የቱ እንደሆነ፣ የእሷ የቱ እንደሆነ። ክፍያዋም ጸደቀ። ከሌላ ሰፈር እድር በእንግድነት የመጣች ሴት እጇን አወጣች።

«እኛስ ፕሮግራሙን መውሰድ እንችላለን?»

«ትችላላችሁ። እኔ የጨመርኩበትንም ጭምር።»

«መጥተሽ ብታስተምሪንስ?»

«እሱ ይከፈላል» አለች፣ ቀና ብላ።

ለሴትዮዋ ዋጋ ላስቀንስላት ምላሴን በላኝ። ከንፈሬን ነክሼ ዝም አልኩ። ልጄ ዞር ብላ አየችኝና፣ ምን እንደያዘኝ ገብቷት፣ ሳቋ አመለጣት።