ለልጁ ኮምፒውተር የሚመርጠው ሰውዬ

ሰውዬው ከጨለለቅቱ በሞተር መጥቶ፣ ዲላ ውስጥ የኮምፒውተር ዕቃ የምትሸጠው ሀኒ ዘንድ ሲገባ ሦስተኛ ቅዳሜው ነው። ቦቲ ጫማው ላይ የቡና ገለፈት ደርቆበታል፤ ጠጉሩ ገብስማ፣ ንግግሩ ዕርቅ እንደሚያወርድ ሽማግሌ የረጋ ነው። ማዘርቦርዱንም ራሙንም «ለልጁ ነው» እያለ አስመርጧታል።

ዛሬ ከኮቱ ኪስ ሁለት ቦታ የተቋጠረ የቃጫ ገመድ አወጣ። በቋጠሮዎቹ መካከል ያለው ባለፈው ቅዳሜ የገዛው የግራፊክስ ካርድ ርዝመት ነው። የደረደረችለትን፣ ዕቃዎቹ የሚገጠሙባቸውን ኬዞች አንድ በአንድ ከውስጥ ለካና አራተኛው ላይ ፊቱ ፈካ።

«ይሄ ይበቃዋል፣ እህቴ። ፓወር ሰፕላዩን ግን ጠንከር ያለ አድርጊለት። ጌሙ መሀል ላይ ቢጠፋበት ልጁ ያለቅሳል።»

የሀኒን አንጀት በላው። የእሷ አባት ሬዲዮ እንኳ አያስነኳትም ነበር።

ገጣጥማ ስትጨርስ «እስቲ ልሞክርለት» ብሎ ተቀመጠ። የኳስ ጌም ከፈተችለት። እነዚያ የሻከሩ ጣቶች ኪቦርዱ ላይ ይበሩ ጀመር። ዕረፍት ሳይደርስ ኮምፒውተሩን አምስት ለዜሮ እየመራ ነው።

ሀኒ ጣቶቹን አየችና «ልጅዎ ስንት ዓመቱ ነው?» አለችው።

ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል መለሰላት።

«ገና አላገባሁም።»