ፀሐይ ያዋሰችው ሙያ

የሰፈሩ ሰው ሬዲዮ ሠሪውን «እሾህ» ይለዋል፤ አልተሳሳተም። ሬዲዮ ተሸክሞ የመጣውን ሁሉ የሚቀበለው በሰላምታ ሳይሆን «ማን ነካካው?» እያለ ነው። ይህን ጠባይ ደግሞ ከየትም አላመጣውም፤ ከሱቁ ጀርባ፣ ከስስ ግድግዳ ማዶ ከተኙት አባቱ ወርሶት ነው።

ሽማግሌው ድሮ መርከበኛ ነበሩ። እግራቸው ከከዳቸው ወዲህ የሚመኙት አንድ ነገር ነው፤ ወጣትነታቸውን የፈጁበትን የሩቅ ወደብ ሬዲዮ መስማት። ጣቢያው ግን ቀን ቀን ፀሐይ እየዋጠችው አይደርስም፤ ከሰማይ እየነጠረ የሚመጣው ሲመሽ ነው። ሲመሽ ደግሞ እሳቸው የሉም፤ መድኃኒታቸውን ውጠው ገና በጊዜ እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ይወስዳቸዋል።

እሾህ ይህን አስረድቶ አስረድቶ ምላሱ ደርቋል። መልሳቸው ያው ነው፤ ሥራ የማያውቅ ሰው ፀሐይን ይከሳል። ጠያቂ ሲመጣም በልጃቸው ፊት ልጃቸውን ያሙታል፤ ይህ እኮ የሰው ሬዲዮ እየፈታ የሚተርፈውን ብሎን የሚሰበስብ ነው ይላሉ። እሱም ያጥባቸዋል፣ ያጎርሳቸዋል፣ ይጠላቸዋል። አንዲት «ጎሽ» ከአፋቸው ሳትወጣ እንዳይሞቱበት ብቻ ይፈራል።

ፀሐይ በጨረቃ የምትጋረድበት ቀን ሰው ሁሉ ጥቁር መነጽር ፍለጋ ሲራኮት፣ እሾህ የሱቁን በር ከውስጥ ቀረቀረ። ፀሐይ ከተሸፈነች ለጣቢያው መሸ ማለት አይደል? የአባቱን ሬዲዮ ከራስጌያቸው አስቀምጦ ረጅም ሽቦ ቀጠለላትና መርፌዋን በወደቡ ጣቢያ ላይ አቆመ። የክፍሉ መስኮት ከጎረቤት ግንብ ጋር የተፋጠጠ ስለሆነ ሽማግሌው ቀንና ማታን የሚለዩት በመድኃኒታቸው ነው። የውጪው ጫጫታ ምንድን ነው ሲሉት፣ ኳስ ነው አላቸው።

«ደግሞ ልትነካካት ነው?»

«ዝም ብለው ይስሙ።»

መጀመሪያ ጩኸት ብቻ ነበር። ቀስ በቀስ ከጩኸቱ ሥር አንድ ዘፈን ብቅ አለ፣ ጠፋ፣ ተመልሶ መጣ፣ ከዚያ ጥርት አለ። ቀጥሎ አንዲት ሴት አንድ ነገር ማንበብ ጀመረች። እሾህ ቋንቋውን አያውቅም። አባቱ ግን ወደቡ የሚገቡትን መርከቦች ስም አብረዋት ማንበልበል ጀመሩ።

«በቀን?»

«በቀን።»

ሽማግሌው ጥቂት ደቂቃ ሰሙ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዳዞሩ፣ «ለካ እጅህ ሙያ አለው» አሉ።

ፀጉሩን ሽበት የወረሰው እሾህ እንባው መጣ። ለአንዲት ቃል ይህን ያህል መራቡ አናደደውና መልሶ ዋጠው።

ውጪ ሰው አፏጨ፣ አጨበጨበ፤ ፀሐይ እየተገለጠች ነበር። የሴትዮዋ ድምፅ ተቆራረጠ፤ ጩኸቱ ተመልሶ ዋጣት።

«አበላሸሃት» አሉ አባትየው። «አንድ ቀን ሠራልኝ ብል ነካክተህ ገደልካት። ድሮስ ካንተ ምን ይጠበቃል?»

እውነቱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ቢናገረው ከስድቡ ይድናል፤ ሙያው ግን አብሮ ይሄዳል። የወሰደችው ፀሐይ ከሆነች የሰጠችውም እሷ ናት፤ ያበላሸው እሱ ከሆነ ግን የሠራውም እሱ ነው።

«አዎ» አላቸው፣ ሬዲዮዋን ከራስጌያቸው እያነሳ። «እኔ ነኝ ያበላሸኋት።»