ምንም ማለት ምንም ነው

ቁልፍ ሠሪው ለክፉ የሚሰጥ ሰው አይደለም፤ ችክ ይላል እንጂ። አንድ ነገር ከተባለ ተባለ ነው። "በሩን ዝጋ" ካሉት ሁለቴ አዙሮ፣ ገፍቶ፣ ጎትቶ ካላየ እንቅልፍ አይወስደውም። ሚስቱ "እኔን ያገባኝ ከቁልፎቹ ጊዜ ሲተርፈው ነው" እያለች ጎረቤት ታስቃለች።

እሷ መገጣጠሚያዋን ያማታል። ጠዋት ጠዋት አንዲት ነጭ ክኒን፣ ስቴሮይድ የምትባለዋን፣ ትውጣለች፤ ይኸው ስንት ዓመቷ! የልጅ ልጆቻቸው መሳቢያ ሲጎረጉሩ ያየ ቀን፣ ባል የመድኃኒቷን መሳቢያ ቁልፍ ገጠመለት። መክፈቻው እሱ ወገብ ላይ ይንጠለጠላል። "ክፈትልኝ እንጂ አንተ ሰውዬ" ትለዋለች፤ ይከፍትላታል።

ጨጓራዋ አላስበላ ሲላት በካሜራ ሊያዩላት ሆስፒታል ቀጠሮ ያዙ። ነርሷ "በዋዜማው ከእራት በኋላ ምንም ነገር እንዳይቀምሱ" አለቻት። እሷ "እሺ የኔ ልጅ" ብላ ወጣች። ቃሉን ይዞት የወጣው ግን ባልየው ነው።

የቀጠሮው ጠዋት ተጣጥባ መሳቢያው ጋ ቆመች።

"ክፈትልኝ።"

"ምንም ተብሏል እኮ።"

"እሱ ለምግብ ነው። ይቺን ሐኪሜ በምንም ምክንያት እንዳታቋርጪ ብሎኛል። በአንድ ጉንጭ ውሃ ልዋጣት። ካላመንክ ደውለን እንጠይቅ።"

"ምንም ማለት ምንም ነው! ቀጠሮው እንዲሰረዝብሽ ነው? ስንመለስ ትውጫለሽ።"

"አንተ እኮ አንዴ ከያዝክ አትለቅም" አለችና ሹራቧን ደረበች። መጨቃጨቁ ሰልችቷት ነው።

ሆስፒታል ሲደርሱ ወረፋው ጉድ ነው። ረፋዱ አለፈ፣ ቀትርም ሆነ። "ደከመኝ" አለችው። "ርሃብ ነው፣ ትንሽ ቻይው" አላት። ላብ አጠመቃት፣ ባዶ ሆዷ ተገለባብጦ አስመለሳት፣ ከዚያ ትከሻው ላይ ዝልፍልፍ ብላ ወደቀች።

"ኧረ የሰው ያለህ!"

አንድ ሐኪም ሮጦ መጣ። የደም ግፊቷን ለካና ፊቱ ተለወጠ።

"በየቀኑ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?"

"ስቴ... ስቴሮይድ" አለ ባል።

"ዛሬስ ወስደዋል?"

ቁልፍ ሠሪው እጁን ወደ ወገቡ ሰደደ። ወገቡ ላይ ያለችው ትንሿ መክፈቻ እሳት ሆነችበት።

"ረስቼው ነው" አለች ሚስቱ፣ ዓይኗን እንደጨፈነች።

መድኃኒቱን በደም ሥሯ ሰጧት፣ ጉሉኮስ ሰቀሉላት። ነፍሷ መለስ ስትል ሐኪሙ ተቆጣት።

"እማማ፣ ይሄ እኮ የሚረሳ አይደለም! ሰውነትዎ ክኒኑን ለምዶ የራሱን ማምረት ትቷል። ድንገት ሲቋረጥ ሊገድል ይችላል። ባዶ ሆድ ይምጡ ሲባሉ 'ክኒኗንስ ምን ላድርጋት?' ብሎ መጠየቅ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በትንሽ ውሃ ትዋጣለች፤ ካልሆነም እኛ በመርፌ እንሰጣለን።" ወደ ባልየው ዞረ። "አባቴ፣ እርስዎ ያስታውሷት እንጂ። ደግነቱ አጠገቧ ነበሩ።"

ደግነቱ! መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። አፉን ሲከፍት እጁን ጨበጥ አደረገችው። ሐኪሙ ወደ ሌላ በሽተኛ ሄደ።

"ለምን እንደዚያ አልሽ?"

"ሰው ፊት ላዋርድህ? ተወው፣ ሆድ ይፍጀው።"

"የኔን ጥፋት ያንቺ ሆድ ለምን ይፈጀዋል? ያውም ባዶ ሆድ!"

ሳቅ አለች። እሱ አልሳቀም። ሐኪሙ ኮሪደሩ ላይ ይታየው ነበር፤ ተነስቶ "እኔ ነኝ የቆለፍኩባት" ማለት ይችል ነበር። አልተነሳም። ክኒኑን የከለከላት ለእሷ አስቦ ነው እንበል። ይሄኛውን ዝምታ ግን ለማን አስቦ ነው? ለራሱ ነው፣ ለማንም አይደለም።

ቤት እንደገቡ ልብሱን ሳይለውጥ የመሳቢያውን ቁልፍ ፈትቶ ነቀለው። ክኒኖቹን ልጆች ከማይደርሱበት ማድረጉንም ያሰበችው እሷ ናት፤ ቁልፉ የተነቀለበትን መሳቢያ ወደ ላይኛው ቦታ እንዲያዛውረው አደረገች።

ቁልፉ የነበረበት ቦታ ክብ ቀዳዳ ሆኖ ቀረ። "የባለሙያ ቤት አይመስልም፣ እጀታ ግጠምለት እንጂ" ትለዋለች። "ይቆይ" ይላታል። ምርመራው በሌላ ቀን፣ ክኒኗን በአንድ ጉንጭ ውሃ ከዋጠች በኋላ፣ በሰላም አለቀ። እሷ ነገሩን ረስታዋለች። ሆድ ይፍጀው ያለችው ግን የሱን ሆድ ነው የፈጀው። ጠዋት ጠዋት ጣቷን በቀዳዳው አስገብታ መሳቢያውን ስትስበው ውሃውን ቀድቶ ያቀብላታል፤ ቀና ብሎ ግን አያያትም።