ያልቦካ ጭቃ

ከሁለት ሳምንት ገደማ በፊት፣ ጠዋት የጓሮዬን በር ስከፍት የቦካ ጭቃ ሽታ መጣብኝ። ጎረቤቶቼ ወጥ ቤታቸውን ሊመርጉ አፈርና ጭድ ለውሰው፣ በእንሰት ቅጠል ሸፍነው አስቀምጠው ኖሯል። ሽታው ለማያውቀው ሰው ደስ አይልም፤ ኮምጠጥ ያለ፣ የላም በረት የሚመስል ነገር ያለበት ነው። እኔ ግን ደጃፉ ላይ እንደቆምኩ፣ ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከእንባ ሌላ ነገር ደረቴን ሞላው። ደስታ ነው ብል በወደድኩ፤ ግን አይደለም። ቂም ነው። ስንትና ስንት ዓመት ተከድኖ ቆይቶ ሲከፈት ገና ትኩስ የሆነ ቂም። ቀስ እያልኩ ልጽፈው ተቀመጥኩ፤ እጄም ዓይኔም እንደ ድሮው አይፈጥኑም።

በሃምሳዎቹ ዓመታት ሶዶ ትንሽ ከተማ ነበረች። ቤታችን ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት ቤት ጀርባ፣ ሁለት ክፍል ያላት የሣር ክዳን የጭቃ ቤት ነበረች። አባቴ በዚያ ትምህርት ቤት ፊደል ያስተምር ነበር። የታወቁ ገበሬዎች ልጅ ሆኖ ሳለ የሸክላ ሠሪ ልጅ አገባ፤ እሷም እናቴ ናት። ይህ በዚያ ዘመን ምን ማለት እንደነበረ ለልጅ ልጆቼ ስነግራቸው ተረት ይመስላቸዋል። ገበሬው ሸክላ ሠሪው በሠራው ድስት ይቀቅል፣ በሠራው እንስራ ውሃ ይቀዳ ነበር፤ ከሸክላ ሠሪው እጅ ግን አይበላም፣ ቤቱም አይገባም፣ ወደ ራሱም ቤት አያስገባውም ነበር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በአንድ አግዳሚ ጎን ለጎን ተቀምጠው የዘመሩ ሰዎች ከደጁ ሲወጡ ሌላ ሰው ይሆኑ ነበር።

የአባቴ ታላቅ እህት ባሎቴ ትባል ነበር። እናታቸው ስትሞት አባቴን ያሳደገችው እሷ ስለሆነች አባቴ ፊቷ ቀና ብሎ አይናገርም ነበር። በአማርኛ ደንብ አክስቴን «እሳቸው» ልላት ይገባኝ ነበር። አልላትም። ወደ ሻንቶ በሚወስደው መንገድ፣ ከከተማው ወጣ ብላ ትኖር ነበርና በገበያ ቀን ስትመለስ ወንድሟን ለማየት ጎራ ትል ነበር። ከደጃችን ግን አታልፍም። እኔ በርጩማ ሳወጣላት፣ መጀመሪያ ከጓሯችን የእንሰት ቅጠል ትቆርጥና በርጩማው ላይ አንጥፋ፣ ቅጠሉ ላይ ትቀመጥ ነበር። ውሃዋን ከቤቷ በቅል ይዛ ትመጣለች። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ውስጥ ያለችው እናቴ እንድትሰማ፣ አባቴን ታናግረው ነበር።

«አንተ ወንድሜ፣ በሸክላ ማቃጠያ ጉድጓድ ውስጥ ማደር እንዴት ነው? ጭሱ አላሳወረህም?»

አባቴ የማይስቅ ሳቅ ይስቅ ነበር። እናቴ ደግሞ መጥረጊያዋን ታነሳ ነበር። ባሎቴ ስትሄድ እናቴ ቅጠሉን በሁለት ጣቷ አንስታ እንሰቱ ሥር ትጥለውና የተቀመጠችበትን ቦታ፣ ከዚያ ደጃፉን፣ ከዚያ ቤቱን በሙሉ ትጠርግ ነበር። አንድ ቀን ለምን የተጠረገ ቤት እንደምትጠርግ ብጠይቃት ቀና ሳትል መለሰችልኝ።

«አንድ ቀን ትገባለች። ስትገባ የምትነቅፈው ነገር ልታጣ ይገባል።»

ሌላ ምኞት የነበራት አይመስለኝም። ሌላዋ ሴት የምትወደውን ሰው ልትቀበል ቤቷን ታሳምራለች፤ እናቴ የምትጠላትን ሴት ልትቀበል ታሳምር ነበር። እኔም በእጇ ሥር ያደግሁ ነኝና ቤት ማሰናዳት ከብቀላ የተለየ ነገር መሆኑን ያወቅሁት ትዳር ከያዝኩ በኋላ ነው።

ክረምት ሲገባ ከጣሪያው ጠፈጠፍ በታች ቦይ ትቆፍርና ውሃው ወደ እንሰቱ እንዲሄድ ታደርግ ነበር፤ የሰፈሩ ቤት ሁሉ በጭቃ ሲላቆጥ የእኛ ደጃፍ ደረቅ ሆኖ ይቆይ ነበር። ዝናቡ ከቤት ሲያስቀረን ዕቃውን ሁሉ አውጥታ፣ አጥባ፣ መልሳ ትደረድር ነበር። ትልቁ ገንቦ ከታች፣ ትናንሾቹ ከላይ፣ የሁሉም አፍ ወደ በሩ የዞረ ሆኖ፣ ከደጅ የሚያይ ሰው የሚያስተናግዱት ይመስለው ነበር። መስከረም ሲጠባ አፋቸው የተሸረፈ ድስቶችን ከአባቷ፣ ከአያቴ ዘንድ አምጥታ፣ አፈር ሞልታ፣ በመግቢያው ግራና ቀኝ አበባ ትተክልባቸው ነበር። የጉራጌው ነጋዴ ሚስት፣ ሱቃቸው ከእኛ ፊት ለፊት ነበር፣ ባዶ የሻይ ቆርቆሮ ትሰጣት ነበር፤ እናቴ በምስማር ትበሳሳውና ኩራዙን ውስጡ ታስቀምጥ ነበር፤ ብርሃኑ ግድግዳው ላይ እንደተዘራ ጤፍ ይበታተን ነበር።

ዋናው ሥራ ግን የግድግዳው ነበር። በበጋ ተበላ ወደሚባለው ቆላ ቁልቁል ወርደን፣ አያቴ ብቻ ከሚያውቀው ገደል ነጭ አፈር በአህያ ጭነን እንመለስ ነበር። ቀዩን ከመንገድ ዳር፣ ቢጫውን ከወንዝ፣ ጥቁሩን ከከሰል እናገኘው ነበር። ለሥሩ ምርጊት የሚሆነውን ጭቃ ግን እናቴ ለማንም አትተወውም ነበር። ከጭድ ጋር ለውሳ፣ በእንሰት ቅጠል ሸፍና፣ አሥራ አምስት ቀን ታቦካው ነበር፤ በየሦስት ቀኑ ገልጠን በእግራችን እንረግጠዋለን፣ እሷም ቆንጥራ ታሸትተዋለች። «ካልሸተተ አልበሰለም» ትል ነበር። አንድ ዓመት በጊፋታ ዋዜማ፣ የዓመቱ መለወጫ ነውና ሁሉም ቤቱን በሚያጸዳበት ሰሞን፣ እናቴ ግድግዳውን ነጭ ቀብታ ስታበቃ ከወገብ በታች ዙሪያውን ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ መስመር ሳበችበት። ታላላቅ ሰዎች የሚለብሱት የዱንጉዛ ጥለት ነበር። በአያቴ ወገን ያንን ልብስ ለብሶ የሚያውቅ አልነበረም። እናቴ ለቤቷ አለበሰችው።

ሰው ሁሉ ሊያይ መጣ። የትምህርት ቤቱ መምህራን ሚስቶች መጡ፣ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች መጡ፤ አንዳንዶቹ ሳያስቡት ገብተው ከተቀመጡ በኋላ የት እንዳሉ ትዝ ብሏቸው ሲደነግጡ አይቻለሁ። ባሎቴም መጣች። ቅጠሏን አንጥፋ ተቀመጠች፤ ነገር ግን አንገቷ ወደ በሩ እየተሳበ፣ ከአባቴ ጋር የጀመረችውን ወሬ ሁለት ጊዜ ረሳችው።

በጥር ልጇን ልትድር ነበር። ሙሽራዋ ገሱባ ካለ ትልቅ ቤት የምትመጣ ናት፤ ባሎቴም ለክብሯ ብላ አዲስ ባለ ቆርቆሮ የጭቃ ቤት አስገንብታ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችው እስከ መሬት ድረስ ሣር በለበሰ ጎጆ ውስጥ ስለሆነ የጭቃ ግድግዳ ጠባይ አታውቅም። በገና ሰሞን መጥታ አባቴን ላከችብን፤ እናቴ አፈሩን ትስጣት፣ አሠራሩንም ትንገራት፣ ግን እጇ ግድግዳውን እንዳይነካ፣ የሙሽራዋ ወገኖች ቢሰሙ ነውር ነው። አባቴ ይህን ሲናገር መሬት መሬት እያየ ነበር። እናቴ አፈሩን በሦስት ከረጢት ሞላች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ መልእክቱን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ፤ የሥሩ ጭቃ አሥራ አምስት ቀን ይቡካ፣ ነጩ የሚቀባው ሥሩ ፈጽሞ ሲደርቅ ነው። ሠርጉ ሊደርስ ገና አንድ ወር ገደማ ይቀረው ነበርና ጊዜ ሞልቷል።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከአህያዋ ጋር ባሎቴ ቤት ስደርስ የአክስቴ ልጆች ከሙሽራው ጋር ትልቁን ገበታ ከበው ሙቅ ቆጮ በቅቤ ይበሉ ነበር። ለእኔ ድርሻዬ ወጣልኝ፤ ደጅ፣ በእንሰት ቅጠል ላይ። በልቼ ስጨርስ ባሎቴ ቅጠሉን በዱላ ጫፍ ገፋ አድርጋ ወደ እሳቱ ከተተችው። ቅጠሉ እርጥብ ነበርና ወዲያው አልነደደም፤ ሲንጫጫ ቆሜ አየሁት።

«እሺ፣ እናትሽ ስንት ቀን ይቡካ አለች?» አለችኝ።

«ሦስት ቀን» አልኩ። «ነጩንም በማግስቱ ቀቡት ብላለች።»

ወደ ቤት ስመለስ መንገዱ አጭር ሆነብኝ። እናቴ መልእክቱን እንዳደረስኩ ስትጠይቀኝ፣ አድርሻለሁ አልኳት።

በሠርጉ ቀን አባቴ ውስጥ ተቀመጠ። እናቴና እኔ ከደጅ፣ ከዋንዛው ሥር ነበርን። በመስኮቱ አይ ነበር፤ ቤቱ በርግጥ ያምር ነበር፤ የገሱባ ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረው ነበር። ሰው እየበዛ ቤቱ ሲሞቅ ግድግዳው መሰንጠቅ ጀመረ። መጀመሪያ ሽማግሌዎቹ ጀርባ ላይ ዱቄት ረገፈ። ከዚያ ከጥጉ አንድ ትልቅ ገበታ የሚያህል ምርጊት ተላቆ የቅቤው ሳህን ላይ ወደቀ፤ ያንን ሌላው ተከተለው። የሙሽራዋ አጎት ተነስቶ ጋቢውን አራገፈና፣ በጣም ቀስ ብሎ፣

«ሙሽራዋ ሳትገባ ቤቱ ልብሱን አወለቀ» አለ።

ሳቁ ከቤት አልፎ ዋንዛው ሥር ድረስ መጣ። ባሎቴ በሩ ላይ ቆማ ነጠላዋን በአፏ ይዛ ነበር። እውነቱን ልጻፍ፤ ከዚያ ቀን በፊትም በኋላም ማር ቀምሻለሁ፣ እንደዚያ የጣፈጠኝ የለም። እናቴ ከመስኮቱ ሥር ከወደቀው ስባሪ ቆንጥራ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ምንም አይሸትም ነበር። ከዚያ ዞራ እኔን አየችኝ፤ አፌን ለመክፈት ጊዜ አልሰጠችኝም፣ እጄን ይዛ ወደ ቤት ሄድን።

በሳምንቱ ባሎቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ይዛ ደጃችን መጣች። ሸክላ ሠሪዋ ቤቴን ረገመችው፣ አፈሩ ላይ ተንኮል ሠራች አለች። አባቴ ተነስቶ ሊናገር ሲል እናቴ ቀደመችው። ስሜን ትጠራለች ብዬ ከገንቦው ጀርባ ተሸጎጥኩ። አልጠራችኝም።

«አፈሩ የእኔ ነው፤ ያቦካው ግን የእኔ እጅ አይደለም» አለች። «እጅሽ አይንካው ብላችሁ አልነካሁትም። አሁን ግን ልሥራው፤ ከሥሩ አፍርሼ፣ በራሴ እጅ፣ ከውስጥ ገብቼ። ከዚያ በፊት እሷ እዚህ ትግባ። ትቀመጥ። ከድስቴ ትብላ።»

ባሎቴ ተነስታ ሄደች። ግን የሙሽራዋ እናት ልጇን ለማየት በመጋቢት ልትመጣ ነበር፤ ግድግዳውም በየቀኑ እየረገፈ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። በየካቲት አጋማሽ፣ ገበያ ባልሆነ ቀን፣ ሰው እንዳያያት በጓሮው በኩል መጣች። እናቴ በጓሮ አላስገባችም፤ አዞራ በአበባዎቹ መሃል፣ በፊት ለፊቱ በር አስገባቻት።

ባሎቴ ከደፉ ላይ ትንሽ ቆመች፣ ጎንበስ ብላ ገባች። በርጩማው ፊት ስትደርስ እጇ ቅጠል ፈለገ። ቅጠል አልነበረም። ተቀመጠች። እናቴ ፊት ለፊቷ ቆማ ከቆጮ የሠራችውን ሙቿ ከሚያቃጥለው የዳጣ ድልህ ጋር አቀረበችላት፤ አብራት አልበላችም፣ እስከ መጨረሻዋ ጉርሻ ድረስ ስትበላ አየቻት። ዳጣው ይሁን ሌላ ነገር እንጃ፣ የባሎቴ ዓይን እንባ አቀረረ። ከዚያ እጇን ዘርግታ ቀዩን መስመር ነካችው።

«ቤትሽ ብርሃን አለው» አለች።

«አሥር ዓመት እዚሁ ነበረ» አለች እናቴ።

እናቴ ቃሏን ጠበቀች። የባሎቴን ግድግዳ አፍርሳ ሠራችው፤ ጭቃውን አሥራ አምስት ቀን ሙሉ የረገጥኩት እኔ ነበርኩ፣ ብቻዬን። አልገረፈችኝም፣ አልሰደበችኝምም። በመጨረሻው ቀን እግሬን ራሷ አጠበችልኝና፣ «ለሚቀጥለው ዋሽተሽ ሰው ለመጉዳት ስታስቢ በእኔ አፈር አይሁን» አለችኝ። ያ ግድግዳ ባሎቴ እስክትሞት ቆሟል። ባሎቴም ከዚያ በኋላ በገበያ ቀን ትገባ ነበር፣ ግን ሁለቱ ሲሳሳቁ አይቼ አላውቅም።

አሁን እኔ አራት ክፍል ያላት ቤት ውስጥ ብቻዬን ነኝ። የባለቤቴ ሐዘን ገና ሳይወጣ ታላቅ ወንድሙ ከሁለት ዘመዶቹ ጋር መጥቶ ክፍሎቹን በእርምጃ ሲለካ ነበር። «አንቺ ብቻሽን ይህ ሁሉ ምን ያደርግልሻል?» አለኝ። ሲወጡ ደግሞ፣ አትሰማም ብለው ነው፣ ድሮስ ቤታችን የሸክላ ሠሪ ልጅ ከገባበት ወዲህ ምን ቀናን ተባባሉ። በወሩ መጨረሻ ለንግግር ይመለሳሉ።

በዚያው የጭቃው ሽታ በመጣብኝ ቀን ከጎረቤቶቼ ጭድ ለመንኩ። ልጄ ቀለም ልግዛልሽ ትለኛለች፤ አልፈለግሁም። ግድግዳውን ተደግፌ በራሴ እግር እረግጠዋለሁ፣ ቆንጥሬም አሸትተዋለሁ። በመሃሉ ቤቱን እያሰናዳሁ ነው። የባለቤቴን ወንበር ወደ መስኮቱ አዞርኩት፣ ባርኔጣውን ከበላዩ ሰቀልኩ፣ የተጣመመውን ፎቶግራፋችንን አቃናሁ። አበባዎቹም በተሸረፉ ድስቶች ውስጥ ናቸው። ቤቱ እያማረ ሲሄድ እሱ የሚያይ ይመስለኝና ጥቂት ጊዜ ደስ ይለኛል።

እናቴ ቤቷን ያሳመረችው አንዲት ሴት እንድትገባላት ነበር። እኔ የማሳምረው የሚመጡት ሰዎች ያላገኙትን እያዩ እንዲወጡ ነው። በፊት ለፊቱ በር አስገባቸዋለሁ፣ ሙቿና ዳጣ አቀርብላቸዋለሁ። በየወንበራቸው ላይ ግን አንዳንድ የእንሰት ቅጠል አነጥፋለሁ። ሁለቱ ዘመዶቹ የዛሬ ሰዎች ናቸው፣ ጌጥ ይመስላቸው ይሆናል። ታላቁ ወንድሙ ግን ቅጠሉ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

እናቴ ብትኖር ቅጠሎቹን በሁለት ጣቷ አንስታ ትጥላቸው እንደነበር አውቃለሁ። ዛሬ ጭቃው አሥራ ሦስተኛ ቀኑ ነው።