ትንፋሿን ታውጣ

አያቴ ዕድሜ ልካቸውን ከደባርቅ እስከ ጨነቅ ተራራ በቅሎ ሲጭኑ ኖረው ዐረፉ። በቅሎ ሲጭኗት ሆዷን ትነፋለች። እሳቸው በሆዷ ሥር የሚያልፈውን ጠፍር አጥብቀው እጃቸውን ያነሡና «ትንፋሿን ታውጣ» ይሉ ነበር፤ ከዚያ ዳግመኛ ያጠብቁታል።

እኔ የማጠናው የብርሃኑን የሞገድ ርዝመት በቅጽበት የሚቀያይር፣ ከገብስ ፍሬ የሚያንስ ሌዘር ነው። ባለፈው ፋሲካ ልጠይቃቸው ሄጄ፣ ወደ አዲሱ የሞገድ ርዝመት ከዘለለ በኋላም ሙቀቱ እስኪረጋ ርዝመቱ እየተንሸራተተ የወራት ልኬቴን እንዳበላሸብኝ አጫወትኳቸው።

«ትንፋሹን ሳያወጣ ነዋ ያጠበቅሽው!» ብለው ሳቁብኝ።

ተናድጄ ተመለስኩ። ግን እንዳሉት ታግሼ ብለካ ተስተካከለ።

ለአርባቸው ገብስ ልንጭን ጠፍሩን እኔ አጠበቅሁ። በቅሎዋ ትንፋሿን አወጣች፤ ጠፍሩ ላላ። ማናችንም እጃችንን አልዘረጋንም። ዳግመኛ ማጥበቁ የእሳቸው ሥራ ነበር።