ውሻዬን ጓሳ ያወጣሁ ዕለት

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ነፍስ አባት ካጣሁ ቆይቻለሁ፤ ወንበሩ ባዶ ነውና፣ አንባቢ ሆይ፣ አንተ ተቀመጥበት።

ውሻዬን ጓሳ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ጓሳ የመንዝ ሰው ማኅበር አቁሞ በደንብ የሚጠብቀው ደጋ ነው። የቤት ክዳን የሚሆነው ሣር የሚታጨደው ማኅበሩ ሲከፍት ብቻ ነው። ቀይ ቀበሮ ስለምትኖርበትም ውሻ አይወጣበትም፤ በሽታ ያስተላልፍባታል። እዚያው አጠገብ ቀየት ተወልጄ ይህን እንዴት አላውቅ? አውቄው ነው በጋዜጣ የቀለድኩበት፤ «ለቀበሮ የሚቆም ማኅበር ለድሃ መቼ ይቆማል?» ብዬ። ብዙ ሰው ወዶልኛል።

አጎቴን ልጠይቅ ከአዲስ አበባ ስሄድ ውሻዬን ይዤ ሄድኩ። አላስከተብኩትም ነበር፤ ስንፍናዬን ፍልስፍና ማድረግ እችልበታለሁ። በማግስቱ እኔና ውሻዬ ወደ ጓሳ ስንወጣ የአጎቴ ጎረቤት ጋሽ ስዩም መንገድ ላይ አገኙን።

«ወንድም ዓለም፣ ውሻውን እሰረው እንጂ!»

«የከተማ ልጅ ነው፣ ጋሼ። ቀበሮ አይቶ አያውቅም፤ ይተዋወቁ» አልኩ።

ተዋወቁ። ሣሩ ውስጥ ገብቶ ሲመለስ አፉ ደም ነበር። በመሐረቤ ጠረግሁለት።

አዲስ አበባ ገብተን ሳምንት ሳይሞላ ውሻዬ ለሃጩን እያዝረከረከ ግድግዳ ይነክስ ጀመር። ሐኪሙ አብዷል፣ በሽታው ሳይታወቅ ቆይቶበታል አለኝ፤ በመርፌ ገደለው። ያን ጊዜ ለአጎቴ መደወል ነበረብኝ። አልደወልኩም። ቆይቶ የደወለው እሱ ነው፤ ቀበሮዎች ሞተው ተገኝተዋል፣ ማኅበሩ ውሻ ያወጣውን ለማወቅ አገሬውን ሊያስምል ነው አለኝ።

ሄድኩ። ለምን ሄድኩ? ልናገር መስሎኝ ነበር።

ሰው ሁሉ እየተነሳ ማለ። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ ሰብሳቢው ሽማግሌ በእጃቸው መለሱኝ፤ «አንተ እንግዳ ነህ፣ ልጄ። የተማረ ሰው አናስምልም፤ ይልቅ ምክርህን ስጠን።» ጓሳው ጫፍ ላይ የሚኖሩት፣ ውሻም ያላቸው ጋሽ ስዩም ናቸው። ከማኅበሩ ጋር ሲጣሉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እንደ እኔ። የሁሉም ዓይን እሳቸው ላይ ነበር።

እኔ ምን አልኩ? «የጋሽ ስዩም ውሻ ከጌታው በቀር ለማንም አይታዘዝም፤ ጌታውም ለማንም አይታዘዝም!» አልኩ። ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ። በዚያ ሳቅ ተፈረደባቸው።

ጋሽ ስዩም አልሳቁም። «ውሻዬ ታስሮ ነው የሚውለው» አሉና አዩኝ። የእኔን ውሻ ወደ ጓሳ ሲወጣ ያየ ከእሳቸው በቀር ማንም አልነበረም። እንግዳ በጉባኤ አያጋልጡም፤ ራሴው እንድናገር ጠበቁኝ። እኔ ግን ጫማዬን አየሁ።

ውሻቸውን ገደሉት። እሳቸውን ከሣሩ ከለከሏቸው። ጓሳው ሲከፈት ሰው ሁሉ ማጭዱን ይዞ ወጣ፤ እሳቸው ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው አዩ። ክረምቱ ጣራቸውን አበሰበሰው። ቆርቆሮ ገዝቼ በአጎቴ በኩል ላክሁላቸው፤ ለበግ በረት አዋሉት። ራሳቸው ዛሬም የሚያድሩት በሚያፈሰው ቤት ነው።

ማኅበሩ ዛሬም ይሰበሰባል። ጋሽ ስዩምም በሕይወት አሉ። ሄጄ፣ ቆሜ፣ «እኔ ነኝ» ለማለት የሚያስፈልገኝ የአንድ ቀን መንገድ ነው። እኔ ግን ይህን የጻፍኩት እዚህ ነው፤ ከዚያ ጉባኤ አንድም ሰው በማያነበው ቦታ፣ ባማረ ዓረፍተ ነገር።

አትማረኝ። ይህንንም ከጥፋቴ ጋር ደምረው።